የከድጃን ቃል የዋጥኩበት ጁምዓ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ አያውቅም። ከእኔ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ያደገችው እህቴ አታውቅም። የሰፈራችን ሴቶች ተሰብስበን እያንዳንዷ የልቧን ስታወጣ እኔ ስለ ኑሮ ውድነት አውርቼ እመለሳለሁ። አንተ የምታነበው፣ አንቺ የምታነቢው፣ ስለማታውቁኝ ነው የምነግራችሁ። ብታውቁኝ ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር፤ ይህንንም ፈሪነቴን ከሌላው ጋር ደምራችሁ ያዙት።

ያደረግኩት ይህ ነው። የዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ውስጥ፣ አብዱን በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ አንድ ጁምዓ ከምሳ በኋላ፣ አንዲት የሀገሬ ልጅ በትልልቅ ሰዎች ፊት ቆማ ጭንቋን ተናገረች። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ጭንቋን ዋጥኩና ምስጋና አድርጌ ተረጎምኩት። ተሳስቼ አይደለም። ዐረብኛው ጠፍቶኝም አይደለም። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

ዘሃራ እባላለሁ፤ ኮምቦልቻ ነው ያደግኩት። አማን የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ሲሆን ያቺ ጁምዓ ስትመጣ በአንድ ቤት ሰባተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። አሠሪዬ አቡ ራምዚ ይባላሉ። በዚያ አገር ሰው በበኩር ልጁ ስም ነው የሚጠራው፤ እኛ የቤት ሰዎች ግን ባባ ነበር የምንላቸው። የእብነ በረድና የሲሚንቶ ነጋዴ ናቸው። ቢሯቸው ሽሜሳኒ ነው፤ ቤታቸው ነጭ ድንጋይ የለበሰ፣ ደረጃውን መወልወል ብቻ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ቤት ነው። መጥፎ ሰው አልነበሩም። ይህን የምለው ጠበቃ ልቆምላቸው ብዬ አይደለም። የእኔን ጥፋት የሚያከብደው እሱ ስለሆነ ነው።

ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት መልስ ጓደኞቻቸው ለምሳ ይመጣሉ። አምስት ስድስት ይሆናሉ፣ ሁሉም ነጋዴ ናቸው። አንዱ የልብስ ፋብሪካ አለው፤ አንዱ ሆቴል አለው፤ አቡ ሳሚ የሚባሉት ደግሞ መድኃኒት ያስመጣሉ። መንሰፉን፣ ማለት የበግ ሥጋውን ከነሩዙና ከነእርጎው፣ ከበሉ በኋላ ሳሎን ይቀመጡና ፖለቲካ ይጀምራሉ። ሴቶቹ በሌላው ሳሎን ስለ ልጆቻቸው ሠርግ ያወራሉ። እኔ በሁለቱ መሃል ትሪ ይዤ እመላለሳለሁ።

ወንዶቹ ምን ያስቡ እንደነበር አሁንም በቃሌ እወጣዋለሁ። "ኢስላሕ" የምትል ቃል ከአፋቸው አትለይም፤ ማሻሻያ ማለት ነው። ፓርላማ ይኑር፣ ግን የሚያውቅ ሰው ይግባበት። ምርጫ ይኑር፣ ግን ሕዝቡ ገና አልበሰለም። መንግሥት ከንግድ ላይ እጁን ያንሳ። የዳቦ ድጎማ ይቅር፣ ሰውን ሰነፍ ያደርጋል። ይህን የሚሉት በሳህናቸው ላይ የቀረውን እርጎ በዳቦ እየጠረጉ ነበር። የባግዳድ ጦርነት ጊዜ ቴሌቪዥኑ ፊት አልቅሰዋል፤ አቡ ሳሚ የምራቸውን ሲንሰቀሰቁ ማበሻ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ኋላ ደግሞ ከባግዳድ የሸሸው ሀብታም አማን ገብቶ ቤት ሲገዛ፣ በዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጠው የመሬታቸው ዋጋ የት እንደደረሰ እየተነጋገሩ ይስቁ ነበር። ልቅሶው የውሸት ነበር አልልም። ሁለቱም የልባቸው ነበር።

እኔስ? መጀመሪያ ቋንቋውን ለመልመድ ብዬ ሰማሁ፤ ከዚያ ወድጄው መስማት ጀመርኩ። ቀስ በቀስ የእነሱ ሐሳብ የእኔ ሆነ። በሀገራችን ምርጫ በነበረበት ዓመት ወንድሜ በስልክ ስለ ሰልፉ ሲያጫውተኝ፣ "ሕዝቡ እኮ ገና አልበሰለም" አልኩት። "አንቺ ከየትኛው ወገን ሆነሽ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅኩም፤ በልቤ መሃይም ብዬ ሰደብኩት። የሰው ደረጃ የምወለውል፣ ድምፅ ሰጥቼ የማላውቅ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ የምተኛ ሴት፣ የባለ ፋብሪካ ፖለቲካ ይዤ ቁጭ አልኩ። ማን ሰጠኝ? ማንም አልሰጠኝም። ከባዶው ብርጭቆ ጋር እኔው ነኝ አንስቼ የወሰድኩት።

አሁን ስለ ስልኩ ልንገራችሁ፤ ወንጀሌ የጀመረው እዚያ ነውና። አዲስ ልጅ ከኢትዮጵያ ስትመጣ ቋንቋ አታውቅም። ማዳሟ ታዛለች፣ ልጅቷ ትደነግጣለች። መክተቡ፣ ማለት ልጆቹን ያስመጣው ቢሮ፣ አንዴ ካስረከበ በኋላ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ማዳሞቹ የቆየች ሠራተኛ ያለችበት ቤት ይደውላሉ። "ዘሃራን አቅርቢልኝ" ይላሉ ለእኔ ማዳም። እኔ እጄን በሽርጤ ጠርጌ እመጣና፣ እነሱ ለሁለቱም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍተው፣ መሃል ሆኜ ወዲያና ወዲህ አስተረጉማለሁ። የአብዱንና የኡም ሱማቅ ሰፈር ማዳሞች ስሜን ያውቁት ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

ታዲያ ይህ ሥራ አንድ ልማድ አለው፤ የቆየን ሴቶች ሁላችንም እናደርገዋለን። እናለሰልሳለን። ማዳሟ "ይህቺን አህያ እጇን ታጠቢ በያት" ስትል፣ እኛ "እህቴ፣ እጅሽን መታጠብ አትርሺ" እንላለን። ልጅቷ "ይህቺ ሰይጣን ልትገድለኝ ነው" ስትል፣ "ማዳም፣ ትንሽ ደክሟታል" እንላለን። ለሰላም ብለን ነው። ስድቡም ይቀራል፣ እሮሮውም ይቀራል፣ ቤቱም ውሎ ያድራል። ማናችንም ውሸት ብለን አንጠራውም። አሁን ሳስበው ግን ከማዳሟ የምቀንሰው ስድቧን ብቻ ነበር፤ ትእዛዟን ምንም ሳላጎድል አደርሳለሁ። ከልጅቷ የምቀንሰው ግን ችግሯን ነበር። ይህን እንዴት ማለስለስ ብዬ እጠራው ነበር?

ከድጃን ያወቅኳት በዚህ ስልክ ነው። የገርባ ልጅ ናት፣ ከእኛ ከኮምቦልቻ ብዙም አትርቅም። የገባችው ኡም ሱማቅ፣ የመድኃኒት አስመጪው የአቡ ሳሚ ቤት ነው። እናቷ ታማ ተኝታ፣ ለእሷ መታከሚያ ብላ ነው ትታት የመጣችው። ማዳሟ ኡም ሳሚ ስትደውል ስለ ወለል ፈሳሽና ስለ ብረት ምጣድ ነው የምትጠይቀኝ፤ ከድጃ ግን በተገናኘን ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፦ "እቴ፣ እናቴ ጋ አንድ ጊዜ ያስደውሉኝ በይልኝ።" እኔ "አገሯ ናፍቋታል፣ ትለምዳለች" ብዬ አስተረጉማለሁ። ኡም ሳሚ ሠራተኛ አገር ቤት ከደወለች ታለቅሳለች፣ ሥራ አትሠራም ብላ የምታምን ሴት ናት። ይህን አውቃለሁና ለምን ላናድዳት እል ነበር። ስንት ጊዜ እንዲህ አደረግኩ? አልቆጠርኩትም። የሚቆጠር ነገር መስሎም አልታየኝም።

በዚያ ዓመት የጁምዓው ወሬ ተለወጠ። መንግሥት የቤት ሠራተኞችን ወደ ሠራተኛ ሕጉ ሊያስገባ ነው፣ የሳምንት እረፍት ሊኖራቸው ነው፣ ፓስፖርታቸው በእጃቸው ሊሆን ነው ተባለ። ኢስላሕ ሲሉ የኖሩት ሰዎች ኢስላሑ በራቸውን ሲያንኳኳ ተቆጡ። ባለ ፋብሪካው "እረፍት ብትሰጣቸው መንገድ ላይ ይበላሻሉ" አለ። አቡ ሳሚ "የተቸገረች ትለምነኝ፣ ዓይኔ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ መብቴ ነው ብላ ግን አትምጣብኝ" አሉ። ባባ ደግሞ ወደ እኔ እያመለከቱ፣ "ለድርጅቴ ሕግ ያውጡልኝ፣ እሺ። ቤቴ ግን ድርጅት አይደለም። ዘሃራ ልጄ ናት፤ ሰው ለልጁ በሕግ ነው እንዴ የሚያዝነው?" አሉ። ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ልጄ ናት ሲሉ እንባዬ መጣ። እውነታቸውን ነው አልኩ፤ ሕግ ምን ያደርግልኛል አልኩ።

የሚኒስቴር አማካሪ የሆነ አንድ ወዳጅ ነበራቸው። ስለ ሕጉ አስተያየት የሚያሰባስበው እሱ ነበር። ባባ "ወረቀት ላይ ከምትጽፉ ሠራተኞቹን ራሳቸውን ጠይቋቸው፣ ጁምዓ ቤቴ ኑ" ብለው ጋበዙት። ሐሙስ ዕለት ወጥ ቤት ገቡ። እሳቸው ወጥ ቤት አይገቡም ነበር። "ያ ዘሃራ፣ ነገ ትልቅ እንግዳ አለብን። አንቺ አስተዋይ ነሽ። ለረመዳን መካ ለዑምራ ስንሄድ አንቺም አብረሽን ነሽ፣ ኢንሻአላህ" አሉኝና ወጡ። ይኸው ነው። ዋሺልኝ አላሉኝም፤ እንዲህ ካልሽ እንዲህ አደርግልሻለሁም አላሉኝም። ቢሉኝ ኖሮ ዛሬ ጣቴን የምቀስርበት ሰው ይኖረኝ ነበር። ሁለቱን ነገር ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን እስኪመሽ ከዕባን እያሰብኩ የብር ማንኪያ ስወለውል ዋልኩ።

ጁምዓ ደረሰ። አማካሪው መጣ፤ አብራው ዐረብኛ እየተኮላተፈች የምትናገር አንዲት ፈረንጅ ሴት ማስታወሻ ደብተር ይዛ መጣች። ሦስት ሠራተኞች ነበርን፦ እኔ፣ የባለ ሆቴሉ ቤት ስሪላንካዊት፣ እና ከድጃ። ከድጃን በአካል ያየኋት ያን ቀን ነው። በድምጿ ትልቅ ልጅ መስላኝ ነበር፤ ከኡም ሳሚ መኪና ስትወርድ ግን ቀጭን፣ አንገቷ የረዘመ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። እጇ በበረኪና ተቃጥሎ ተልጧል። ወጥ ቤት አስገብቼ ንጹሕ ልብስ አለበስኳት።

"እቴ፣ እነዚህ ሰዎች የመንግሥት ናቸው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"እንግዲያው ዛሬ እናገራለሁ። እንደ ስልኩ አታድርጊው፣ እኔ እንዳልኩት ንገሪልኝ።"

እንደ ስልኩ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። "እሺ፣ እንዳልሽው" አልኳት። የራስ መሸፈኛዋን አስተካክዬ፣ አይዞሽ ብዬ፣ እጇን ይዤ አስገባኋት። እኔ ነኝ ይዤ ያስገባኋት።

ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ሴቶቹም ያን ቀን መጥተው ከባሎቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። በመጀመሪያ እኔ ተጠየቅኩ፤ ባባ አባቴ ናቸው፣ እረፍት አያስፈልገኝም አልኩ። ስሪላንካዊቷ "አልሐምዱሊላህ" ብላ መሬት መሬት አየች። ቀጥሎ አማካሪው ወደ ከድጃ ዞሮ እንዴት ነሽ፣ የእረፍት ቀን ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውን አንዲት ቃል ሳላጎድል ወደ አማርኛ መለስኩላት።

ከድጃ ቀና አለች። አላለቀሰችም። "እናቴን ታማ ነው የተውኳት" አለች። "ከመጣሁ አሥር ወር ሆነኝ፣ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም። ሲወጡ በሩን ይቆልፉብኛል። እረፍት የሚሉትን አላውቀውም፣ እሱ ይቅርብኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ያስደውሉኝ። ትኑር ትሙት ልወቅ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች።

ሁሉም አየኝ። ኡም ሳሚ ብርጭቆዋን ይዛ ፈገግ ብላለች። ባባ ጢማቸውን ይዳብሳሉ። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ምን አሰብኩ? ብዙ ነገር አስቤ ነበር ብል ደስ ባለኝ። ዑምራን አሰብኩ። ባባ ፊታቸው እንዳይጠቁር አሰብኩ። ኡም ሳሚ ከእንግዲህ ደውላ ዘሃራን አቅርቢልኝ እንደማትል አሰብኩ። ከድጃን አላሰብኩም። እንዲህም አልኩ፦ "አልሐምዱሊላህ ትላለች። እንደ እናትና አባት ናቸው፣ ምንም አልጎደለብኝም ትላለች። ከተማውን አላውቀውም፣ ብቻዬን መውጣት እፈራለሁ ትላለች። እናቷ ትንሽ ትናፍቃታለች፣ ሌላ የለም።"

"ሌላ የለም?" አለ አማካሪው።

"ሌላ የለም።"

ኡም ሳሚ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ተነስታ ከድጃን ግንባሯን ሳመቻት። ባለ ፋብሪካው "አያችሁ፣ ይህን ሕግ የሚፈልገው ሠራተኛው አይደለም፣ ፈረንጁ ነው" አለ። ሳቁ። ፈረንጇ የነገርኳትን ሁሉ ጻፈች። የእኔ ቃል በከድጃ ስም ደብተሯ ውስጥ ገባ። ከድጃ እኔን ታየኝ ነበር። ቋንቋውን ስለማታውቅ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ በአማርኛ ያለችውን የሰማነው እኔና እሷ ብቻ ነን፣ ማን ያውቃል አልኩ።

ወጥ ቤት ስንገባ ስሪላንካዊቷ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ከድጃ በሩ አጠገብ ቆመች።

"እቴ፣ እኔ ዐረብኛ እሰማለሁ እኮ" አለች፣ ሳትጮህ። "አሥር ወር ሙሉ ስሰማው ነው የከረምኩ። መናገሩ ነው የማይመጣልኝ። ያልሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ። የስልኩንም ስሰማ ነው የኖርኩት።"

ፖም መላጥ ጀመርኩ።

"ገና አልሄዱም" አለች። "ሻይ እየጠጡ ነው። ግቢና ንገሪልኝ፣ ተሳስቼ ነው በያቸው። እኔ አልቀየምሽም። በአላህ ይሁንብሽ እቴ፣ ግቢና ንገሪልኝ።"

ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። ሳሎን ውስጥ ያልኩትን ደንግጬ ነው ብዬ ራሴን ማታለል እችል ይሆናል፤ ብዙ ዓመት ሞክሬዋለሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ግን አልደነገጥኩም። ጊዜ ነበረኝ። ስንት ፖም ላጥኩ፣ ወይን አጠብኩ፣ ብርቱካኑን ቆርጬ ደረደርኩ። እሷ ቆማ እጄን ታያለች። ትሪውን አንስቼ ገባሁ። በሩ ጋ ስደርስ እናገራለሁ ብዬ እንደነበር አላህ ያውቃል። አማካሪው ቀና ብሎ አየኝ፤ የሆነ ነገር የምል መስሎት ሳይሆን አይቀርም፣ ወሬውን አቋረጠልኝ። ባባም ዝም አሉ። ሳሎኑ በሙሉ ለእኔ ዝም ያለበት በሰባት ዓመት ውስጥ ያ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። እኔም ትሪውን ዝቅ አድርጌ፣ "ፍራፍሬ ይውሰዱ፣ ጌታዬ" አልኩት።

ስመለስ ከድጃ ፊቴን አይታ ገባት። ንጹሑን ልብስ አውልቃ፣ አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና በመጣችበት ልብስ ወደ መኪናው ወጣች። ከዚያ በኋላ ኡም ሳሚ ለማስተርጎም ደውላ አታውቅም። ስለ ከድጃ ማዳሜን ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት፤ ሁለተኛው ላይ "ምን አገባሽ" ስትለኝ ተውኩት። ቶሎ ነበር የተውኩት።

ረመዳን መጣና ዑምራ ሄድኩ። ባባ ቃላቸውን አላጠፉም። ለካ የተወሰድኩት የማዳምን እናት በተሽከርካሪ ወንበር እንድገፋ ነው፤ ዐረብ አገር የመጣሁበትን ሥራ ሐረም መስጊዱ ድረስ ተከትዬው ሄድኩ። ከዕባን ሰባት ጊዜ የዞርኩት አሮጊቷን እየገፋሁ ነው። በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እኔም አፌን ከፈትኩ፣ ዱዓ ልጀምር ብዬ። አላህ በእሱና በእኔ መሃል ያለውን ይምረኛል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ካላለ እሱም አይምረውም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የሐሰት ምስክርነቴን ዋጋ ተቀብዬ በዚያው ዋጋ ቤቱ ድረስ መጥቻለሁ፤ ምን ብዬ ልለምነው? አሮጊቷ "ቶሎ ግፊ" አለችኝ። ገፋሁ።

ሕጉ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወጣ። የእኔ ምስክርነት አላቆመውም፤ የባለ ፋብሪካውም ቁጣ አላቆመውም። ባባ "ወረቀት ነው" ብለው ሳቁና በሳምንቱ እሑድ እሑድ እንድወጣ ፈቀዱልኝ። እንደ መብት ሳይሆን እንደ ቸርነት ነበር የሚሰጡኝ፤ ሲሰጡኝም እጃቸውን እንድስም ይጠብቁ ነበር፣ እኔም እስም ነበር። በመጀመሪያው እሑዴ ታክሲ ይዤ ኡም ሱማቅ ሄድኩ። ዘበኛው ግብፃዊ ነው፤ "ሐበሻዋ ልጅ ከሄደች ቆየች" አለኝ። የት አላልኩትም። ሕንፃው ሥር ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

ጠቅልዬ አገሬ የገባሁት በአሥረኛ ዓመቴ ነው። ሰው ሁሉ መጥቶ ጎበኘኝ። ዑምራ ማድረጌን ሰምተው ዱዓ አድርጊልን የሚሉኝ አሉ። እነሱ እንዲህ ባሉኝ ቁጥር ሳል ይይዘኛል። ሦስት ወር ቆየሁና አንድ ቀን ጠዋት ገበያ ነኝ ብዬ የገርባን መኪና ተሳፈርኩ። ዮርዳኖስ የነበረችው ከድጃ ስል ወዲያው ቤቷን አሳዩኝ።

ግቢው ውስጥ ማሽላ ታበጥራለች። ወፍራለች፤ አንገቷ ግን ያው ነው። አወቀችኝ። ሰፌዱን አላስቀመጠችም። "ተቀመጪ" አለችኝ፤ በርጩማ በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። ያሰናዳሁት ንግግር ነበር። ሁሉም ጠፍቶኝ፣ "አውፍ በይኝ" ብቻ አልኩ።

ማበጠሯን ሳታቆም ነገረችኝ። ከዚያች ጁምዓ በኋላ ዐረብኛውን ለመናገር ቆርጣ ተነሳች። ልብስ እየተኮሰች ቃላቱን ለራሷ ስትደጋግም ሦስት ወር ፈጀባት። አንድ ቀን አቡ ሳሚ ብቻቸውን ቁርስ ሲበሉ ፊታቸው ቆማ፣ በሰባራ ዐረብኛ፣ እናቴ ታማለች፣ ስልክ፣ አለቻቸው።

"ምን አሉሽ?" አልኳት።

"ተቆጡ። እኔን አይደለም፣ ማዳምን። 'ይህን ያህል ጊዜ ለምን አልተነገረኝም?' ብለው ጮኹባት። እዚያው ስልካቸውን ሰጡኝ። በነጋታው ካርቶን ሙሉ መድኃኒት አምጥተው፣ ላኪላት አሉኝ።" ሰፌዱን ነቅነቅ አደረገች። "ስደውል ጎረቤታችን አነሳች። አርባዋ ካለፈ ቆየ አለችኝ። የሞተችው ከዚያ ከእናንተ ቤት ውሎ በሃያኛው ቀን ነው። ጎረቤት ስልኬ እስኪደወል ስትጠብቅ ነበር አሉኝ፣ አልጋዋን በሩ ጋ አስደርጋ።"

ገባችሁ? ያን ቀን ሳሎን ውስጥ እውነቱን ብናገር አቡ ሳሚ እዚያው ስልካቸውን አውጥተው ይሰጧት ነበር። በእንግዳ ፊት፣ ደስ እያላቸው፣ እንባቸውን እየጠረጉ። እነዚያ ሰዎች መብት ሲባል ይቆጣሉ እንጂ ለለመናቸው ይሰጣሉ፤ ለሰባት ዓመት ሻይ ስቀዳላቸው ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ከድጃ ደግሞ መብት አልጠየቀችም፤ ለምና ነበር። የእነሱን ፖለቲካ ይዤ ከእነሱ አልፌ ሄድኩ። እነሱ ያልከለከሉትን እኔ ከለከልኩ።

መሬት ላይ ተደፍቼ እግሯን ያዝኩ። እግሯን ሰበሰበች፣ ግን አልገፋችኝም። ሰፌዱን ያን ጊዜ ነው ያስቀመጠችው።

"የእኔን አውፍ ብያለሁ" አለች። "ድሮ ነው ያልኩት፣ እዚያው እያለሁ። ፈርተሽ ነው ብዬ። የእናቴን ግን እንዴት አድርጌ ልበልልሽ? እሱ የእኔ አይደለም። እሷን ጠይቂያት።"

ከዚያ ውሃ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። መኪና እንዳያመልጥሽ አለችኝ። ወጣሁ።

ፈርታ ነው የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰው ቤት ያለች ምስኪን ምን ታድርግ የምትሉም ትኖራላችሁ። አትበሉኝ። ፈርቻለሁ፣ ግን የፈራሁት ዱላ አልነበረም፤ ከሳሎኑ ሰዎች አንዷ መስዬ የታየሁበትን ስፍራ ማጣት ነው የፈራሁት። አውፍ በሉኝም አልላችሁም፣ በእናንተም እጅ የለም። የበደልኳት ሴት መልኳን አላውቀውም። ድምፄን ሰምታ አታውቅም። በሩ ጋ ተኝታ የምትጠብቀውን ወሬ ፖም እየላጥኩ ያስቀረሁባት እኔ መሆኔን ሳታውቅ ሞተች፤ የምንገናኝ ቀን መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልነግራት ነው።